ዋጋው ተደብቆ ደረሰኙ የሚለጠፍበት ገበያ

ደብረ ታቦር ገበያ ቅቤ ይዛ የተቀመጠች እናት «ስንት ነው እማማ?» ሲሏት «ጆሮህን አምጣ» ብላ አታንሾካሹክም። ዋጋዋን ትጠራለች። ገዢው ይከራከራል፤ ወይ ትቀንስለታለች፣ ወይ «ሂድ ልጄ፣ ሌላ ጋ ሞክር» ትለዋለች። የዚችው እናት የልጅ ልጅ ያንኑ ቅቤ በቴሌግራም ስትሸጥ ግን ፎቶውን ትለጥፍና ከሥሩ «ለዋጋ በውስጥ መስመር ያናግሩን» ብላ ትጽፋለች። ምን ሆነን ነው? አያቷ በአደባባይ የምትጠራውን ዋጋ እሷ በምስጢር የምትነግረን ቅቤው ከየት ቢመጣ ነው?

ስለ ደቡብ ጎንደር የምጽፈው ቅርቤ ስለሆነ ነው እንጂ ነገሩ የአዲስ አበባም፣ የሐዋሳም ነው። ከጉና ሥር ድንችና ገብስ፣ ከፎገራ ሩዝ፣ ከየወረዳው ማርና ቅቤ፣ ከሸማኔው እጅ ጋቢና ነጠላ ዛሬ በቴሌግራም ቻናል፣ በፌስቡክ ገጽና በቲክቶክ ይሸጣል። የሚሸጡትም አብዛኞቹ ዲግሪያቸውን ይዘው ሥራ ያጡ ወጣቶችና ቤታቸው ሆነው የሚሠሩ ሴቶች ናቸው። ሱቅ ተከራይቶ መሥራት የማይችል ሰው ገጽ ከፍቶ ቢሠራ የሚያስመሰግን ነው፤ በዚያ ላይ ክርክር የለኝም።

ክርክሬ ሌላ ነው። እነዚህ ነጋዴዎች መገለጥ ያለበትን ይደብቃሉ፣ መደበቅ ያለበትን ይገልጣሉ። ዋጋው፣ ቦታው፣ ዕቃ የመመለሻው ደንብ ምስጢር ነው። የደንበኛው ስም፣ የባንክ ቁጥሩ፣ የሻጩ የዕለት ገቢ ግን አደባባይ ይሰጣል። ይህን ገልብጡት ነው የምለው። ገቢያችሁም የሚጠበቀው፣ ገጻችሁም የሚሻሻለው በዚሁ መገልበጥ ነው፤ ሁለቱ አንድ ሥራ ናቸው።

ከዋጋው ልጀምር። አንድ ጋቢ ለጥፋችሁ ሠላሳ ሰው «ስንት ነው?» ብሎ ቢጠይቃችሁ ሠላሳ ጊዜ ትጽፋላችሁ። ከሠላሳው ሃያው ዋጋውን ሲሰማ ዝም ብሎ ይጠፋል። ዋጋው ከሥሩ ተጽፎ ቢሆን እነዚያ ሃያ ሰዎች ቀድሞውንም አይደክሟችሁም ነበር፤ የቀሩት ዐሥሩ ደግሞ «ላኩልኝ» ብለው ነበር የሚመጡት። ዋሽንግተን ያለችው ደንበኛ ደግሞ ከእኛ ሰባት ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። እሷ ከሥራ ገብታ ስትጠይቅ እናንተ ተኝታችኋል፣ እናንተ ስትመልሱ እሷ ተኝታለች። አንድ ቁጥር ለመለዋወጥ ሁለት ቀን ያልፋል። በሁለተኛው ቀን ዋጋ ከጻፈው ሌላ ሻጭ ገዝታለች።

ዋጋ የማይጽፉበትን ምክንያት ስትጠይቋቸው የሚሰጡት መልስ አራት ዓይነት ነው። «ተፎካካሪ ያየዋል» ይላሉ። ተፎካካሪ እኮ በሌላ ስም ገብቶ በውስጥ መስመር ይጠይቃችኋል፤ ከእሱ የደበቃችሁት ነገር የለም፣ የደበቃችሁት ከገዢው ብቻ ነው። «ዋጋው በየቀኑ ይለዋወጣል» ይላሉ። ይህኛው እውነት አለው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በኋላ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ሲያልፍ፣ ትናንት የጻፉት ዋጋ ዛሬ ያከሰራቸው ሰዎች አሉ። መልሱ ግን ዋጋ መደበቅ አይደለም፣ ዋጋው ላይ ቀን መጻፍ ነው፤ «እስከ እሑድ የሚጸና» ማለት። የድንች ነጋዴ ይህን ከጥንት ያውቀዋል፤ የመስከረምን ዋጋ በየካቲት የሚጠብቅ የለም።

«ብዙ ሰው ኢንቦክስ ሲያደርግ ገጹ ይነሣል» የሚሉም አሉ። ይህን ያስተማራቸው ያው በየአዳራሹ «በኦንላይን ሚሊየነር ሁኑ» እያለ ሥልጠና የሚሸጠው ሰው ነው። የእሱ ገቢ ከሥልጠናው እንጂ ከጋቢ አይደለም፤ ስለዚህ ጋቢው ባይሸጥ ምንም አይጎድልበትም። (በነገራችን ላይ ደብረ ታቦር ላይ የሚሰጥ የዲጂታል ሥልጠና ሁሉ መግቢያው ጋፋት ነው። ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን እንዳሠሩ ይነገረንና ወደ ሻይ ዕረፍት እንወጣለን። ለጋፋት ክብር አለኝ፤ ግን መድፉ የተሠራው ብረት ቀልጦ እንጂ ንግግር ተደርጎ አልነበረም።)

አራተኛውና እውነተኛው ምክንያት ፍርሃት ነው። ግብር ይፈራል። የ2009ኙ የቀን ገቢ ግምት ያመጣውን ጣጣ የረሳ ነጋዴ የለም። ከግብር በላይ ደግሞ እገታ ይፈራል። መንገድ ላይ ሰው ታፍኖ ቤተሰቡ ገንዘብ አምጣ በሚባልበት ክልል ውስጥ «አለኝ» ማለት አደጋ ነው። ይህን ፍርሃት የሚያቃልል ሰው እዚህ አልኖረም። ነገር ግን ቆም ብላችሁ አስቡት፦ የአንድ ጋቢ ዋጋ መጻፍ ሀብታችሁን ለማንም አይናገርም። የገቢ ገማቹም ሆነ ዘራፊው ማወቅ የሚፈልገው አንዱ ስንት እንደሆነ ሳይሆን ስንቱን እንደሸጣችሁ ነው። እሱን ደግሞ ማንም ሳይጠይቃችሁ እናንተው ትለጥፉታላችሁ!

አዎ፣ ስለ ደረሰኝ ስክሪንሾቶቹ ነው የምናገረው። «ደንበኞቻችን እናመሰግናለን» ተብሎ የሃያ ሰው የቴሌብርና የንግድ ባንክ ደረሰኝ በአንድ ፖስት ይደረደራል። በላዩ ላይ የላኪው ሙሉ ስም፣ የስልክ ወይም የሒሳብ ቁጥሩ፣ የገንዘቡ መጠን፣ ቀኑና ሰዓቱ አለ። ማንም ደምሮ የሳምንት ገቢያችሁን ያወጣል። የሻጩ ሰፈር ደግሞ ቀድሞ ታውቋል፣ ምክንያቱም «ዕቃ ገብቷል» ተብሎ መጋዘኑ በር ላይ የተቀረጸው ቪዲዮ ትናንት ነው የወጣው። ከዚያ በኋላ «ዋጋ የማንጽፈው ለደኅንነታችን ነው» ይባላል።

የደንበኛውንም ነገር አስቡት። ገንዘቡን የላከላችሁ ጋቢ ሊለብስ ነው እንጂ ማስታወቂያ ሊሆን አይደለም። በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰውን ስምና ቁጥር ያለ ፈቃዱ እንዳሻችሁ የምትበትኑት ንብረት አላደረገውም። ዋጋ መለጠፍን በተመለከተ ደግሞ የ2006ቱ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይ ያዛል። ስለዚህ «ዋጋ በውስጥ መስመር፣ ደረሰኝ በአደባባይ» የሚለው ልማድ ሕጉን ከሁለት በኩል ነው የሚጥሰው። ሕግ አስከባሪው ይመጣባችኋል ብዬ አላስፈራራችሁም፣ ሌላ ሥራ አለበት። ከሕጉ በፊት የሚቀጣችሁ ገዢው ነው፤ ስሙን ገጻችሁ ላይ ያየ ሰው ተመልሶ አይገዛችሁም።

ስክሪንሾት ካነሣን አይቀር ሌላውን ጉዱን ልናገር። እኛ ስክሪንሾትን እንደ ገንዘብ መቀበል ለምደናል። ገዢው ምስል ይልካል፣ ሻጩ ዕቃውን ለሚኒባስ ሾፌር ይሰጣል፣ ማታ ሒሳቡን ሲያይ የገባ ነገር የለም። ስልክ ላይ ቁጥር ቀይሮ ደረሰኝ መሥራት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ሐሰተኛ የጽሑፍ መልእክትም አለ፤ «ይህን ያህል ብር ገብቶልዎታል» የሚል ይመጣል፣ ተከትሎ «ወንድሜ በስህተት ልኬልህ ነው፣ በእመቤቴ መልስልኝ» የሚል ስልክ ይደወላል። የዋሁ ሰው ያልገባለትን ገንዘብ ከራሱ ኪስ አውጥቶ «ይመልሳል»።

መከላከያው ቀላል ሆኖ ሳለ «ደንበኛን መጠራጠር ያሳፍራል» ብለን እንተወዋለን። ምን ያሳፍራል? ባለሱቁ መቶ ብር ስትሰጡት ወደ ብርሃን አንሥቶ ያየዋል፣ ማንም አይቀየምም። ምስሉን ተዉትና የገዛ ሒሳባችሁን ክፈቱ። ዳታ ከሌለ ቴሌብር በ*127#፣ የንግድ ባንክ ሒሳብ በ*889# ያለ ኢንተርኔት ይታያል። ዳታ ካለ ደግሞ ከክፍያው ጋር የሚመጣውን የደረሰኝ ሊንክ ላኩልኝ በሉና ራሳችሁ ክፈቱት፤ ስሙ፣ መጠኑና የግብይት ቁጥሩ ከባንኩ ገጽ ላይ ይነበባል። ሒሳብ ውስጥ ያልታየ ገንዘብ አልመጣም። ይህን አንድ መስመር አድርጋችሁ ገጻችሁ ላይ ጻፉት፦ «ዕቃ የምንልከው ክፍያው ሒሳባችን ላይ ሲታይ ነው።» የተከበረ ደንበኛ አይሸሽም። የሚሸሸው የፈራችሁት ሰው ነው።

ሲም ካርዱን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። የቻናሉም፣ የቴሌብሩም፣ የባንኩም ቁልፍ አንድ ስልክ ቁጥር ነው፤ ያ ቁጥር ደግሞ ስንቱ ጋ በአጎት ልጅ ስም የወጣ ነው! ስልኩ ሲሰረቅ ወይም ሲጠፋ ሲሙን ማስተካት የሚችለው ባለስሙ ብቻ ነው። እሱ አረብ አገር ከሄደ ንግዳችሁ አብሮ ሄደ ማለት ነው። ቁጥሩን በራሳችሁ ስም አዙሩት። የቴሌግራሙን ሁለተኛ የይለፍ ቃል ዛሬውኑ አብሩት፤ ያለሱ በስልክ የሚላከውን ኮድ ያገኘ ሁሉ ቻናላችሁን ይወስዳል። «ከቴሌ ነው የምንደውለው፣ የመጣልዎትን ቁጥር ይንገሩን» ለሚል ድምፅ መልሱ ስልኩን መዝጋት ነው። የንግዱን ገንዘብ ከቤት ወጪ የተለየ ሒሳብ ላይ አድርጉ፣ ሒሳቡም በአንድ ቤት ብቻ አይሁን። በመጋቢት 2016 ንግድ ባንክ የሲስተም ችግር ገጥሞት አገልግሎቱን ለሰዓታት ሲያቋርጥ ሌላ ሒሳብ የነበረው ሰው ዕቃውን ገዝቶ ገባ፤ ያልነበረው በር ላይ ቆመ።

አሁን ወደ ገጹ። በደረጃ ከፍ ያሉት ነጋዴዎቻችን ድረ ገጽ ያሠራሉ። ትከፍቱታላችሁ፤ መጀመሪያ የሚሽከረከር ትልቅ ፎቶ፣ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ የእንኳን ደኅና መጡ ሰላምታ፣ ቀጥሎ «ራእያችን»፣ «ተልእኳችን»፣ «እሴቶቻችን»። ድንች ለሚሸጥ ሰው ራእይና ተልእኮ ምን ያደርግለታል? ኪሎው ስንት ነው? ለዘር ነው ወይስ ለወጥ? ነፋስ መውጫ ድረስ ታደርሳላችሁ? ይህ የትም የለም። አሠሪው ለሠሪው የከፈለው የመሥሪያ ቤት ግድግዳ በኢንተርኔት እንዲሰቀልለት ነው።

ክብደቱም ሌላ ጣጣ ነው። በዛሬ ስልክ የተነሣ ፎቶ ሦስት ሜጋባይት መሆኑ የተለመደ ነው። ከወረዳ ከተማ ወጣ ብሎ ኔትወርኩ ወደ ሁለተኛው ትውልድ በሚወርድበት ቦታ፣ በሰከንድ አንድ መቶ ኪሎቢት ቢገኝ እንኳ፣ ያ አንድ ፎቶ ለመከፈት አራት ደቂቃ ይፈጃል። ማን ይጠብቃል? ያውም ፓኬጁን እየበላበት! ያንኑ ፎቶ ወደ መቶ ሃምሳ ኪሎባይት ብታሳንሱት በስልክ ስክሪን ላይ ልዩነቱን የሚያይ ሰው የለም፤ በዚያው ኔትወርክ በዐሥራ ሁለት ሰከንድ ይከፈታል። ከፎቶው ይልቅ ጽሑፍ ይቅደም። ጽሑፍ ቀላል ነው፤ ሙሉ ገጽ አማርኛ ከአንዲት ትንሽ ፎቶ ያንሳል።

ጽሑፉ ግን በፎቶው ላይ የተቀረጸ አይሁን። ፎቶ ላይ በጌጠኛ ፊደል «ንጹሕ የጉና ማር» ብላችሁ ብትጽፉ ሰው «ማር» ብሎ ሲፈልግ አታገኙትም፤ ቴሌግራም የሚፈልገው በፊደል የተጻፈውን ነው። በዚህ ላይ የኛ ፊደል የራሱ ጉድ አለው። አንዱ «ሐበሻ ቀሚስ»፣ አንዱ «ሀበሻ ቀሚስ»፣ ሌላው «አበሻ ቀሚስ» ብሎ ይፈልጋል። የፊደል ክርክሩን ለምሁራን ትታችሁ ከማስታወቂያው ሥር ሦስቱንም ጻፏቸው። የቦታ ስምም ጻፉ። «ደብረ ታቦር»፣ «ወረታ»፣ «አዲስ ዘመን»፣ «እስቴ» የሚሉ ቃላት ገጻችሁ ላይ ከሌሉ ከአገራችሁ ሰው እንኳ ትሰወራላችሁ። ስሙ የተነገረ ቦታ ዕቃውን ይሸጣል። በ1964 ዓ.ም. የተመሠረተችው አውራ አምባ ፎገራ ውስጥ ያለች ትንሽ መንደር ናት፤ ሸማዋ ከሌላው ሸማ የሚለየው ገዢው ማን እንደሠራውና የት እንደተሠራ ስለሚያውቅ ነው። የእናንተም ሸማኔ እኮ ቦታ አለው።

ስለ መመለሻ ደንብም አንድ ነገር። ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር ወደ መቶ ኪሎ ሜትር ነው፣ በደኅና ቀን ግማሽ ቀን የማይሞላ መንገድ። መንገድ በተዘጋ ቀን ግን ዕቃው የት ያድራል? ቅቤው ቢቀልጥ የማን ነው? ገንዘቡ መቼ ይመለሳል? ይህን አስቀድሞ ያልጻፈ ሻጭ መንገዱ ሲዘጋ ስልኩንም ይዘጋል። ከዚያ በኋላ «ኦንላይን ሌቦች ናቸው» የሚለው ስም ለሁላችንም ይተርፋል።

እስካሁን ነጋዴውን ነው የገሠጽሁት። አሁን ወደ ትልቁ እጅ። 2015 ዓ.ም.ን እንደ ነጋዴ አስታውሱት። በየካቲት ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በመላ አገሪቱ ተዘጉ፤ በቪፒኤን ካልሆነ የማይገባባቸው ሆነው አምስት ወር ገደማ ቆዩ። በግንቦት ነዳጅ በመላ አገሪቱ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲገዛ ተደረገ። በሐምሌ ገጾቹ ተከፈቱ። ሐምሌ ሳያልቅ አማራ ክልል ውስጥ የሞባይል ዳታ ተቋረጠ፣ ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ዳታው በአንዳንድ ከተሞች እንኳ የተመለሰው ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ይህ ሁሉ የሆነው «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የሚባል ስትራቴጂ በጸደቀ በሦስተኛ ዓመቱ ነው። በአንድ እጅ «ወረቀት ገንዘብ ተዉ፣ ወደ ስልክ ግቡ» ይሉናል፣ በሌላው እጅ ስልኩን ያጠፉታል።

«ጦርነት ነው፣ ጸጥታ ነው» የሚል መልስ እንዳለ አውቃለሁ። ከጸጥታው ጉዳይ ጋር አሁን አልከራከርም። የምጠይቀው የሒሳብ ጥያቄ ነው፦ ከብድርና ቁጠባ ተበድራ ገጽ የከፈተች ሴት ዓመት ሙሉ ገበያዋ በመንግሥት ውሳኔ ተዘግቶ ሲቆይ ወለዱ ለምን አልተዘጋም? የንግድ ፈቃድ እድሳቱስ? ሱቅ በልማት ሲፈርስ ካሳ ይጠየቃል፤ ይበቃል አይበቃም ሌላ ነገር ሆኖ ቢያንስ የሚጠየቅበት ቢሮ አለ። የቴሌግራም ሱቅ ሲፈርስ የሚጠየቅ ሰው የለም፤ ምክንያቱም በእነሱ ዓይን ያ ሱቅ አልነበረም። ግብር ለመሰብሰብ ሲሆን ግን ሱቅ ነው። ዳታ በተዘጋባቸው ወራት ወለድና ግብር አይቁጠር፤ የሚዘጋበት ቀንና የሚከፈትበት ቀን ይነገር። ይህን የጠየቀ የንግድ ምክር ቤት አላየሁም።

እስከዚያው ድረስ ነጋዴው ማድረግ የሚችለው አለ። ገጹ የኪራይ ቤት ነው፤ ባለቤቱ ዱባይ ወይም አሜሪካ ተቀምጧል፣ የግቢው በር ቁልፍ ደግሞ አዲስ አበባ ነው። የእናንተ የሚባለው የደንበኞቻችሁ ስልክ ቁጥር ብቻ ነው። በደብተር ጻፉት፤ ግን ፎቶ አንሥታችሁ እንዳትለጥፉት! ዳታ ሲጠፋና ስልኩ ሲሠራ በጽሑፍ መልእክት መሸጥ ይቻላል። በአማርኛ ፊደል አንድ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ነው፣ በላቲን 160፤ ስለዚህ እጥር ምጥን አድርጎ መጻፍ ያስፈልጋል። ፔይፓል ኢትዮጵያ ላለ ሰው ለመቀበል አያገለግልም፤ ስለዚህ የውጭ ደንበኛ በየትኛው መንገድ፣ በማን ስም፣ በምን ምንዛሪ እንደሚልክ በግልጽ ተጽፎ ካልጠበቀው በዘመድ በኩል ሲጉላላ ይተወዋል።

«ታዲያ እንዴት እንጻፍ?» ለምትሉኝ፣ ዋጋው ለምሳሌ የተቀመጠ ሆኖ፣ አንድ ማስታወቂያ ይኸው። ገልብጡት፣ የራሳችሁን ቁጥር አስገቡበት፦

«ጋቢ። በእጅ የተፈተለ ጥጥ፣ ደብረ ታቦር የተሸመነ። ርዝመቱ 2 ሜትር ከ80፣ አራት ድርብ። ዋጋው 3,500 ብር፣ እስከ መስከረም 20 የሚጸና። ያሉን 6 ብቻ። ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ በነፃ እናደርሳለን፤ ወረታ፣ ባሕር ዳርና ነፋስ መውጫ በመኪና 150 ብር። ክፍያ በቴሌብር ወይም በባንክ፤ የምንልከው ገንዘቡ ሒሳባችን ላይ ሲታይ ነው። መንገድ ተዘግቶ በ7 ቀን ካልደረሰ ሙሉ ገንዘቡ በ2 ቀን ይመለሳል። ያልወደዱትን በ3 ቀን ይመልሱ። ኢንተርኔት ከሌለዎት ይደውሉ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 1 ሰዓት እናነሣለን። ሐበሻ፣ ሀበሻ፣ ጋቢ፣ ደብረ ታቦር፣ ደቡብ ጎንደር።»